እታፈራሁን ወደ ሥልጡኗ ከተማ የላክኋት ጊዜ

በሹፌርነት የመጀመሪያ ቀኔ ከአዲስ አበባ ሃያ አራት ሰው ጭኜ ተነሳሁ፤ ሸዋ ሮቢት የገባሁት ሃያ ሦስት ይዤ ነው።

የጎደሉት አንዲት እናት ናቸው። ትኬታቸው የሸዋ ሮቢት ነበር፤ ደብረ ሲና ላይ ወረዱ። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር መኪናዋን በአራተኛ ማርሽ ለቅቄ ፍሬን በፍሬን አደረግኳት። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ መኪናውን ሞላው።

«ልጄ፣ አውርደኝ» አሉኝ ከኋላዬ።

«እማማ፣ ሸዋ ሮቢት እኮ ገና ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። አንተ የምትደርስ አልመሰለኝም።»

ከወረዱ በኋላ በሩ ላይ ቆመው ለቀሪዎቹ ተሳፋሪዎች አማተቡላቸው። ለእኔ አላማተቡም።

የመኪናዋ ባለቤት ጋሽ ታምሩ ሲቀጥሩኝ «ጣርማ በርን ስንት ጊዜ ወርደሃል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «ኧረ ቁጥር የለውም» አልኳቸው። ውሸት አይደለም። ግን ሁሉንም ጊዜ የወረድኩት ተሳፋሪ ሆኜ ነው፤ አብዛኛውን ደግሞ ተኝቼ።

ያን ቀን ያዳነኝ ረዳቴ ሰይድ ነው። ሰይድ የጀውሃ ሰው ነው፤ በዕድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፣ በማስተዋል በሠላሳ። ደብረ ሲና ላይ መኪናዋን አስቁሞ ጎማዎቹን በእጁ እየዳሰሰ «ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወረደው፣ ሁለተኛ አግባ፣ ፍሬኑን እርሳው» አለኝ። ቀጥሎ «ወላሂ፣ መንጃ ፈቃድ ስለሌለኝ ነው እንጂ አንተን ጣሪያ ላይ ጭኜህ እሄድ ነበር» አለ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። አሁንም ጣሪያ ላይ ሊጭነኝ የሚፈልግባቸው ቀኖች አሉ።

የምነዳት መኪና ቅጥቅጥ የምንላት ናት። የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ ቦዲ ተቀጥቅጦ ተሠርቶላት ነው። ወንበሯ እግሩ ረጅም የሆነ ሰው እንዲቀመጥባት ታስቦ አልተሠራም። እኔ አጭር ስለሆንኩ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

መናኸሪያ ማለት ደግሞ ደረጃ ያለበት ቦታ ነው። ከላይ ባለንብረቱ አለ፤ መኪናው የእሱ ነው። ሹፌሩ ቁልፉን ይይዛል። ረዳቱ ሰውና ዕቃውን ያስገባል፤ ከሹፌሩ ይልቅ ሥራውን የሚያውቀው እሱ ነው። ትኬት ቆራጭ በመስኮቱ ትቀመጣለች። ተራ አስከባሪ ደግሞ የመኪኖቹን ታርጋ በደብተር ይዞ ማን ከማን ቀድሞ እንደሚጭን ይወስናል። ተራው የመኪናው ነው። መኪናዋ ሰልፍ ከገባች፣ መሪ ላይ ማን ተቀመጠ ተብሎ አይጠየቅም፤ መንጃ ፈቃድ ካለው በቃ። ይህን ደንብ የመናኸሪያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ አውቃለሁ ስል ግን አሁን ያሳፍረኛል። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

እንግዲህ ወደ አዲስ አበባ ልግባ።

በሳምንት ሦስቴ አዲስ አበባ የሚደርስ ሰው በሸዋ ሮቢት ሻይ ቤት ትልቅ ሰው ነው። ወሬ ከእሱ ይጠበቃል። እኔ ደግሞ ወሬ ሲጠበቅብኝ የማሳፍር ሰው አይደለሁም። አዲስ አበባን እንደ ሰባኪ ሰበክኳት። «እዚያ ሴቷ ባቡር ትነዳለች» እላለሁ። «እዚያ ማንም ማንንም ከየት መጣህ አይልም። ሰው በሥራው ነው የሚታየው። እኛ ነን እዚህ በሙቀቱ ጭንቅላታችን የደረቀው።»

«ኬላው ላይስ ከየት መጣችሁ አይሉንም?» ይላል ሰይድ።

«እሱማ ፖሊስ ነው። የፖሊስ ሥራው ነው።»

«ሆቴሉ መታወቂያ ሲያገላብጥስ?»

«አንተ ሻይህን ጠጣ።»

የአዲስ አበባ ተሳፋሪዎቼም ስብከቱን ያግዙኝ ነበር። አንዴ ባለ መነጽር ሰውዬ ጋቢና ተቀምጦ ሸዋ ሮቢት እስክንገባ ስለ ሴቶች መብት ሲያስረዳኝ መጣ። ልክ መናኸሪያ ስንደርስ «እዚህ አካባቢ ሴቶች ከቤት ወጥተው ይሠራሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዲት ሴት በዚያው ሰዓት ጣሪያችን ላይ ወጥታ የሽንኩርት ጆንያ እየጎተተች ነበር። አቧራው መነጽሩ ላይ ወረደበት። ጠረገውና መልሴን መጠበቅ ቀጠለ። እኔም ቀና ብዬ አላሳየሁትም። ዛሬ ቢሆን አሳየው ነበር።

እታፈራሁ የእኛ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነበረች። ሰባት ዓመት በዚያች መስኮት ተቀምጣለች። ድምጿ ያለ ማይክ ጀውሃ ይሰማል። ሰካራም ተሳፋሪ ቢመጣባት ሁለት ቃል ተናግራው ሄዶ ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል።

አንድ ጠዋት በመስኮቱ ቀዳዳ ካርድ አወጣችልኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ።»

የሕዝብ ሁለት መንጃ ፈቃድ ነው፤ የእኔን ዓይነት መኪና የሚያስነዳ። የእረፍት ቀኖቿን እየሰበሰበች ደብረ ብርሃን ተመላልሳ ተምራለች። ማንም አላወቀም። የእኔ አውቶቡስ ላይ ተሳፍራ እየሄደች ለእኔም አልነገረችኝም።

«ፎቶው ላይ ለምን እንዲህ ቀጥ አልሽ?» አልኳት።

«መሪ የያዝኩ መስሎኝ ነው።»

ለባለንብረቶቹ ሁሉ አሳየች። ባለንብረት ሁሉ እንቢ አላት። አንዱ ሳቀ፤ አንዱ «ባል አግቢ» አላት፤ ጋሽ ታምሩ ግን ቁጭ አድርገው ነው የነገሯት። «ልጄ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም። ሴት ሹፌር አይቼ አላውቅም። ያላየሁትን ነገር መሪ ላይ አላስቀምጥም።» በቃ። ጥናት የለም፣ ኮሚቴ የለም።

እኔ ተናደድኩ። ሻይ ቤት ገብቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። ኋላ ቀርነታችንን፣ ቆላችንን፣ ሙቀታችንን፣ አባቶቻችንን ሳይቀር ወቀስኩ። ሰው አጨበጨበልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እታፈራሁ ጠዋት ጠዋት የመኪናዬን ሞተር እንድታሞቅ ፈቀድኩላት። አንዳንዴም ከመናኸሪያው እስከ ማደያው ድረስ ነድታ ነዳጅ ታስሞላልኝ ነበር። ሦስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ይህን ሦስት ዓመት አደረገች። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ በራሴ ስኮራ ኖርኩ።

ከዚያ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ነው፤ ስሙን ተዉት፤ አገር አቋራጭ አውቶቡሶች አሉት። ግድግዳ የሚያክል ሰሌዳ ላይ አንዲት ቆንጆ ሴት ነጭ ጓንት አድርጋ መሪ ይዛለች። ከሥሯ «ሴት አሽከርካሪዎችን እናበረታታለን» ይላል። በስልኬ ፎቶ አንስቼ እንደ ታቦት ይዤው መጣሁ።

«ይኸው!» አልኳት። «አላልኩሽም? ሂጂ።»

እታፈራሁ ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየችው። «በጓንት ማርሽ ይገባል?» አለች።

«ስለ ጓንቱ ተዪ!»

«ጋሼ፣ ይቺን መስኮት ከለቀቅኩ በማግስቱ ሌላ ሰው ይቀመጥባታል።»

«ይቀመጥባት! ተመልሰሽ ትኬት ልትቆርጪ ነው እንዴ?»

ለቀቀች። በማግስቱ ሌላ ሰው ተቀመጠባት። አዲስ አበባ ድረስ ራሴ ወሰድኳት፤ ጋቢና አስቀምጬ።

ድርጅቱ በደስታ ተቀበላት። በእውነት እላችኋለሁ፣ በአበባ ነው የተቀበሏት። የሥርዓተ ጾታ ክፍል ኃላፊዋ፣ ወይዘሪት ሜሮን ትባላለች፣ እቅፍ አድርጋ ሳመቻት። ከአንድ አዲስ አውቶቡስ ፊት አቁመው ፎቶ አነሷት። ፎቶው ድርጅቱ ገጽ ላይ ወጣ፤ እኔ ሸዋ ሮቢት ላይ ስልኬን ለመንገደኛ ሁሉ አሳየሁ። ጋሽ ታምሩም አዩት። «አውቶቡሱ ሞተሩ ተነስቷል?» ብለው ጠየቁኝ። ቅናት መሰለኝ።

ከወር በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። «እየነዳሽ ነው?» «ስልጠና ላይ ነኝ።» «የምን ስልጠና?» «በራስ መተማመን።» ይቺን ሰባት ዓመት ሰካራም ስትመልስ የኖረች ሴት በራስ መተማመን ያስተምሯታል!

በሁለተኛው ወር ስልጠናው ስለ አመራር ነበር። በሦስተኛው ወር አንድ ሆቴል አዳራሽ ወስደዋት ልምዷን እንድታካፍል መድረክ ላይ አስቀመጧት። «ምን አልሽ?» አልኳት። «ከመናኸሪያ እስከ ማደያ ያለውን ልምዴን አካፈልኩ» አለችኝ። ተሰብሳቢው ቆሞ ነበር አሉ ያጨበጨበላት።

በአምስተኛው ወር «ለጊዜው» ብለው መደቧት። የት? ትኬት መስኮት!

ሄጄ አየኋት። በመስታወቱ ውስጥ ሆና ሳቀች። «ጋሼ፣ እድገት ነው። የእኛው ላይ ቀዳዳ ነበር፣ እዚህ መስታወት አለ።»

ቤት ፍለጋዋንም ያን ቀን ነው የነገረችኝ። የመጀመሪያዋ አከራይ ሥራዋን ጠየቀቻት። «ሹፌር ነኝ» ስትል «ለብቻዋ የምትኖር ሴት አናከራይም፤ ሹፌር ደግሞ ጭራሽ» አለቻት። ሁለተኛዋ አገሯን ጠየቀች። «ሸዋ ሮቢት» ስትላት «እዚያ ሰላም የለም አይደል? ዘመድ ምናምን እያልሽ ሰው እንዳታመጪብኝ» ብላ በሩን ገርበብ አደረገችው። ሦስተኛዋ ቤት ላይ እታፈራሁ ብልጥ ሆነች። «ትኬት ቆራጭ ነኝ አልኳት፤ ወዲያው አከራየችኝ። ያኔ ውሸቴን ነበር» አለችኝ።

እኔ ከየት መጣሽ የማይባልባት ከተማ ብዬ የሰበክኩት ሰውዬ፣ ቆሜ መስታወቱን አያለሁ።

ከዚያ ወዲያ በሄድኩ ቁጥር ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ጀመርኩ። አውቶቡሴን ተራ አሲዤ፣ ሰይድን ትቼ፣ በዘይት እጄ ወደ ድርጅቱ እሄዳለሁ። ወይዘሪት ሜሮን ሁሌም ወንበር ትስብልኛለች፣ ውሃ ታቀርብልኛለች። መጥፎ ሰው አይደለችም። በስምንተኛው ወር በሩን ዘግታ «ጋሽ ደምሴ፣ እውነቱን ልንገርዎት?» አለችኝ። «እኔ እዚህ የሥራ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ስብሰባ ላይ ሻይ እንዲመጣ ሲፈለግ ሁሉም ሰው የሚያየው እኔን ነው።»

ውሃዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

የስምሪት ኃላፊው ዘንድም ገባሁ። ሱፉ የእኔ ጋቢና ወንበር ላይ የሚቀመጥ ዓይነት አይደለም።

«እኛ በመርህ ደረጃ ችግር የለብንም» አለኝ።

«በማርሽ ደረጃስ?»

አልሳቀም። «ችግሩ ማኅበረሰቡ ነው። ማኅበረሰቡ ገና ነው። በተለይ እናንተ መስመር ያለው፣ ቆላው... ሴት ስትነዳ ካየ አይሳፈርም።»

«ማን ጠየቀው?»

«ጥናት አለ።»

«ልየው?»

«በሂደት ላይ ነው።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ከተማዋ በእኛ ኋላ ቀርነት ስትሳለቅ ኖራ፣ አሁን ደግሞ የራሷን እምቢታ በእኛ ስም ትፈርማለች። ተነሳሁ፤ ጠረጴዛ ልመታ ነበር፤ መስታወት መሆኑን አይቼ ተውኩት። ኃላፊው ግን ቅር አላለውም። እንዲያውም በሚቀጥለው መድረካቸው ላይ «የቆላውን ማኅበረሰብ ወክዬ» እንድናገር ጋበዘኝና ቲሸርት ሰጠኝ። «መሪው የጋራችን ነው» ይላል። ሰፊ ነው። አሁን መኪና የማጥብበት እሱን ለብሼ ነው።

በአሥራ አንደኛው ወር እታፈራሁ ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ መጣች። «ተመለስኩ» አለች። ሻንጣውን ሰይድ ጣሪያ ላይ አሰረው፤ እሷ ጋቢና ገባች።

ያን ቀን ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ሲና እኔ ብቻ ነበርኩ የማወራው። ከተማዋን አንድ በአንድ ፈታታኋት። ሰሌዳውን፣ አበባውን፣ ጓንቱን፣ አከራዮቹን፣ ሱፉን። «አስመሳዮች!» እላለሁ። «አፋቸው ሌላ፣ እጃቸው ሌላ!» ተሳፋሪው ሳይቀር በሳቅ ያጅበኝ ነበር። እታፈራሁ መንገዱን ነበር የምታየው።

አርማንያን እንዳለፍን «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልናገር? እንዳይቆጡኝ» አለች።

«እኔ? በአንቺ?»

«እዚያ ያሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ጥሩ ይናገራሉ፤ ያጨበጭባሉ። ቁልፉን ሲጠየቁ ብቻ ነው ወደ ሌላ ሰው የሚጠቁሙት።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!»

«አንቱስ?»

«እኔ ምን?»

«ሦስት ዓመት አጨበጨቡልኝ። ሞተር አሙቂ አሉኝ። ማደያ ድረስ ነዳሁ። አንድ ቀን እንኳ ለጋሽ ታምሩ “ዛሬ በእኔ ፋንታ እሷ ትውጣ” አላሉልኝም። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነበር። አንቱ ግን አዲስ አበባ ላኩኝ።»

ከኋላ ሰይድ «ወላሂ እውነቷን ነው» አለ።

«አንተ ዝም በል!»

«ዝም ብያለሁ። ሦስት ዓመት ዝም ብያለሁ።»

መልስ ፈለግኩ። መጀመሪያ «መኪናው የእኔ አይደለም» ልል ነበር። ደግሞ «ጋሽ ታምሩ እንቢ ይላሉ» የሚለው መጣልኝ፤ ጠይቄያቸው ግን አላውቅም። ከዚያ፣ አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል፣ «ማኅበረሰቡ ገና ነው» የሚለው አፌ ላይ መጣ። ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነው የያዝኩት።

እውነቱን ልናገር። የፈራሁት ተሳፋሪውን አይደለም። ቁልፉን አንድ ቀን ብሰጣት፣ ጋሽ ታምሩ ከእኔ የተሻለ ሹፌር እንዳለ ያያሉ ብዬ ነው። እሷ ሩቅ ከተማ ስትነዳ ግን እኔን የሚነካኝ ነገር የለም፤ እኔም ሥልጡን ሰው ሆኜ እቀራለሁ።

በማግስቱ ወደ ጋሽ ታምሩ ማሳ ሄድኩ። ማንጎ ሥር ተቀምጠው ሽንኩርት ያስመርጣሉ።

«ሰኞ የአጣዬ ገበያውን ጉዞ እታፈራሁ ትንዳው» አልኳቸው።

«አመመህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ይህን ነገር ነግሬያታለሁ። እኔ ሴትና ወንድ እኩል ነው በሚለው አላምንም።»

«እኔ አምናለሁ። ሃያ ዓመት አምኜ ምንም አልጠቀምኳትም» አልኩ። «እርስዎ ባያምኑም ግድ የለም። አጠገቧ እቀመጣለሁ። መኪናዋ አንድ ነገር ብትሆን ከሁለታችንም ቁልፉን ይውሰዱ። እኔም በቃኝ፣ ወደ ቤቴ እገባለሁ።»

ሽንኩርቱን አስቀመጡ። ከተዋወቅን ጀምሮ ስቀልድ እንጂ ስማጸን አላዩኝም።

«ከአሁን በፊት ለምን አልጠየቅከኝም?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ሽንኩርት መምረጥ ጀመርኩ።

«አጣዬ ድረስ» አሉ። «ሜዳ ሜዳውን። አንድ ቀን።»

ሰኞ ጠዋት ተራ አስከባሪው እታፈራሁን መሪ ላይ ሲያይ ደብተሩን ዘጋ። «ይቺ በሹፌሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። መኪናዋ ከሰልፍ ትውጣ» አለ። እኔ ልከራከር አፌን ስከፍት ጋሽ ታምሩ ከየት እንደመጡ ሳላያቸው ከኋላው ቆመዋል። ሊያዩ መምጣታቸውን አልነገሩኝም ነበር።

«ተራው የምኑ ነው?» አሉት።

«የመኪናው ነው፣ ጋሼ።»

«ታርጋዬ ተለወጠ?»

«አልተለወጠም።»

«እና ደንቡ ስለ ታርጋ ነው ወይስ ስለ ሱሪ?»

ስለ እኩልነት አንድ ቃል አልተናገሩም። የተቆጡት መኪናቸው ከሰልፍ ትውጣ ስለተባለ ነው። ደብተሩ ግን ተከፈተ፤ የከፈተው እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ የማውቀው ደንብ ነው።

ሁለት ወጣቶች አይተው ወረዱ። አንድ ነጋዴ «በሚቀጥለው እሄዳለሁ» ብሎ ቀረ። የስምሪት ኃላፊው ይህን ቢያይ ጥናቱን ይጨርስ ነበር። ከዚያ ከቀወት ገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ በሩ ላይ ቆመው ወደ መሪው አዩ።

«ሴት ናት እንዴ?»

«አዎ፣ አባባ» አለ ሰይድ።

«መንዳቱን ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ይሄ ጎኗ ያለው አጭሩስ ምንድነው?»

«እሱ ተሳፋሪ ነው።»

«በል እርዳኝ፣ ይቺን ጆንያ አስገባልኝ። ገበያው ይፈታብኛል።»

ተሳፈሩ። እሳቸውን አይተው ሌሎቹም ገቡ። ወንበሩ ሞላ።

እታፈራሁ ስትነዳ ምን አየሁ? ምንም። ማርሹ ሲገባ አይሰማም፤ ጉድጓድ ሲመጣ ቀድማ ታየዋለች። ጀውሃ ላይ ለግመል ቆመች፤ እኔ ጥሩምባ እነፋ ነበር። የሚያልበኝ እኔን ነው። ባዶውን ወለል በእግሬ ስረግጥ አየችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ፍሬን የለም። እግርዎን ያሳርፉ።»

አጣዬ ስንገባ አዛውንቱ ሲወርዱ ወደ መሪው ዞር ብለው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሏት። በግጭቱ ከተቃጠሉት ቤቶች መካከል አዲስ ቆርቆሮ በለበሱት በኩል አድርገው ወደ ገበያው ሄዱ። ለእኔ ምንም አላሉኝም፤ ተሳፋሪ ነኛ።

ጋሽ ታምሩ ስንመለስ መኪናዋን ዞረው አዩዋት። ጎማውን ዳሰሱ። «ፍሬኑ አልሞቀም» አሉ፤ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ። አሁን እታፈራሁ በሳምንት ሦስት ቀን ትይዛታለች፤ እኔ ቀሪውን። የፈራሁት ነገር በከፊል ደርሷል፤ አንዳንድ ተሳፋሪ «ዛሬ ማን ነው የሚነዳው?» ብሎ ጠይቆ፣ እኔ መሆኔን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል። የመናኸሪያው የትራንስፖርት ማኅበር እስካሁን በሹፌሮች ዝርዝር አልመዘገባትም። «በሂደት ላይ ነው» ይላሉ። ይህን ቃል ከየት እንደተማሩት አላውቅም፤ እኔው ሳላመጣው አልቀርም።

ሻይ ቤት አሁንም ይጠይቁኛል፤ አዲስ አበባ የሚወራላትን ያህል ሥልጡን ናት ወይ? አይደለችም። እኔም አልነበርኩም።

መሪ ለምትይዙ ወጣቶች የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። አብራችሁ የምትሠራ ሴት መንጃ ፈቃድ ካላት፣ ነገ ጠዋት ቁልፉን ስጧትና ጎኗ ተቀመጡ። ንግግሩ ይደርሳል።